ፈቃዱ ድንበር ላይ ሲቆም፦ በአሜሪካ ግዛቶች መካከል መኖሪያ መቀየርና ሽጉጥ ሸሽጎ የመታጠቅ ፈቃድ



ለዚህ የሕዝብ ንግግር የመረጥሁት ርእስ አንዳንድ ባልደረቦቼን አስገርሟል። «ስለ ፌዴራሊዝም ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ስለ አሜሪካውያን ሽጉጥ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልኛል። መልሴ አጭር ነው። አንድ ፌዴሬሽን ለዜጎቹ ምን ያህል አንድ አገር እንደ ሆነ ለማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ፣ በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚኖረውን ሰው አትመልከቱ፤ ጓዙን ጭኖ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚሄደውን ተመልከቱ። የዚህ ሰው ንብረት፣ ትዳር፣ ሙያና ፈቃድ ድንበሩን ሲሻገሩ ምን እንደሚሆኑ ጠይቁ። ከእነዚህ ሁሉ ሽጉጥ የመታጠቅ ፈቃድን የመረጥሁት ስሕተቱ በእስራት የሚያስከፍል ስለ ሆነ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ማስታወሻ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው የአሜሪካ ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። «ሽጉጥ» የሚለው ቃላችን «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በእኛ ቋንቋ መሣሪያው ስሙን ያገኘው ከመሸሸጉ ነው። አሜሪካውያን ግን መሣሪያውን በአንድ ቃል፣ መሸሸጉን በሌላ ቃል ስለሚጠሩት ሕጋቸውም ሁለቱን ለያይቶ ያያቸዋል፤ በግልጽ መታጠቅና በልብስ ሥር ሸሽጎ መታጠቅ በብዙ ግዛቶች የተለያየ ታሪክና የተለያየ ደንብ አላቸው። የዛሬው ጉዳያችን ሁለተኛው ነው።

በእኛ አገር ጥያቄው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ተዘግቷል። የጦር መሣሪያ ስለ መያዝ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራል መንግሥት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም የወጣው በዚሁ መሠረት ነው። የአፈጻጸሙ ነገር ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ ከባሕር ዳር ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ሰው ሕጉ አይለወጥበትም። በአሜሪካ ግን ማን ሽጉጥ ሸሽጎ ሊታጠቅ ይችላል የሚለውን የሚወስነው በዋናነት ግዛቱ ነው። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ ከ1791 ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መብቱ የግለሰብ ነው ያለው በ2008 በሄለር ጉዳይ፣ ግዛቶችንም ያስገድዳል ያለው በ2010 በማክዶናልድ ጉዳይ፣ ከቤት ውጭም ይሠራል ያለው ደግሞ በ2022 በብሩን ጉዳይ ነው። እስከ ብሩን ድረስ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሜሪላንድ፣ ማሳቹሴትስ፣ ካሊፎርኒያና ሃዋይ አመልካቹ ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ይጠይቁ ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ፈቃድ የሚባል ነገር ጨርሶ የማያስፈልግባቸው ግዛቶች አሉ፤ በ2024 መጨረሻ 29 ደርሰው ነበር። ቬርሞንትማ ሽጉጥ የመታጠቅ ፈቃድ የሚባል ወረቀት አትሰጥም፤ ሰጥታም አታውቅም።

ይህን የቬርሞንትን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ የመንጃ ፈቃድ ነው። በቨርጂንያ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ በቴክሳስ ይሠራል፤ ታዲያ የሽጉጡ ፈቃድ ስለ ምን አይሠራም? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ አንቀጽ እያንዳንዱ ግዛት ለሌላው ግዛት ሕጎች፣ መዛግብትና ፍርዶች ሙሉ እምነትና እውቅና ይስጥ ይላልና ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። ግን መነሻው ትክክል አይደለም። መንጃ ፈቃድም ቢሆን በየግዛቱ የሚሠራው ያ አንቀጽ አስገድዶ ሳይሆን ግዛቶቹ በየራሳቸው ሕግና ስምምነት ስለ ተቀበሉት ነው። የፍርድ ቤት ፍርድ ድንበር ይሻገራል፤ ፈቃድ ግን የሰጪው ግዛት የራሱን ሰዎችና የራሱን መንገዶች የሚመለከት የአስተዳደር ውሳኔ በመሆኑ፣ ጎረቤቱ ካልፈቀደለት አይሻገርም። ሐኪምና ጠበቃም ግዛት ሲቀይሩ እንደ ገና ፈቃድ የሚጠይቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የሽጉጥ ፈቃድ ከግዛት ወደ ግዛት የሚሠራው «የእርስ በርስ እውቅና» በሚባል መረብ ነው፤ መረቡን የሚዘረጋውም የሚሰበስበውም የየግዛቱ ፖለቲካ ነው።

ይህ ቃል በቃል እውነት መሆኑን የቨርጂንያ ታሪክ ያሳያል። በታኅሣሥ 2015 የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማርክ ሄሪንግ የ25 ግዛቶች ፈቃድ የቨርጂንያን መመዘኛ ስለማያሟላ እውቅናው ይነሣል ብለው አስታወቁ። ከእነዚህ ግዛቶች አንዳንዶቹ ደግሞ የሚቀበሉት የሚቀበላቸውን ብቻ ስለ ነበር፣ የቨርጂንያ ሰዎች ፈቃድም በዚያው በእነርሱ ዘንድ ዋጋ ሊያጣ ሆነ። ከአንድ ወር ጥቂት ካለፈ በኋላ አገረ ገዢው ቴሪ ማኮሊፍ ከተቃዋሚ የሕግ አውጪዎች ጋር ተደራደሩ፤ እውቅናው ይመለሳል፣ እንዲያውም ይሰፋል፤ በለውጡ በቤተሰብ ጥቃት ምክንያት የጥበቃ ትእዛዝ የወጣባቸው ሰዎች መሣሪያ እንዳይዙ ይደነገጋል። ሕጉ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ልብ በሉ፤ በእነዚያ ወራት የፈቃዱ ባለቤት አንዳች ነገር አላደረገም። ሥልጠናው ያው ነው፤ የወንጀል መዝገቡም እንደ ነጻ ነው። የተለወጠው በሪችመንድ ከተማ የተደረገው ድርድር ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መንገደኛ ነው። መኖሪያውን የሚቀይረው ሰው ችግር ግን ሌላና የከበደ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

አብዛኞቹ የእውቅና ደንቦች የሚናገሩት ስለ እንግዳ ነው። «የሌላ ግዛት ነዋሪ የሆነ ሰው፣ ከግዛቱ የተሰጠውን ፈቃድ ይዞ ሲመጣ...» ብለው ይጀምራሉ። ሰውየው መኖሪያውን በቀየረ ዕለት እንግዳ መሆኑ ያበቃል። እንግዳ ስላልሆነ የእንግዳው ደንብ አይጠብቀውም፤ የአዲሱን ግዛት ፈቃድ ገና ስላላወጣ የባለቤቱም ደንብ አይጠብቀውም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። እንደ ሚሺጋን ያሉ ግዛቶች የውጭ ፈቃድን የሚቀበሉት ፈቃዱን የሰጠው ባለፈቃዱ የሚኖርበት ግዛት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከኦሃዮ ወደ ሌላ ግዛት የተዛወረ ሰው የኦሃዮ ፈቃዱን ይዞ ወደ ሚሺጋን ቢሄድ፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ወረቀት ዛሬ አይሠራለትም፤ የማብቂያ ቀኑ ገና ቢሆንም፣ ማንም ባይሰርዘውም። ወረቀቱ ላይ ለውጡን የሚያሳይ ምልክት የለም።

የቬርሞንትም ነገር እዚህ ጋ ይገባል። በቤቱ ያለ አንዳች ወረቀት የሚታጠቀው የቬርሞንት ሰው፣ ከነዋሪነት ግዛቱ የተሰጠ ፈቃድ በሚጠይቅ ግዛት የሚያሳየው የለውም። ይህንን ስለሚያውቁ ነው ፈቃድን አስቀሩ የሚባሉት ግዛቶች ብዙዎቹ ለፈለገ ሰው ዛሬም ፈቃድ መስጠታቸውን የቀጠሉት፤ ፈቃዱ ለአገር ውስጥ ሳይሆን ለመንገድ ነው። የይለፍ ወረቀት ሆኗል ማለት ነው።

ታዲያ ሰው ነዋሪ የሚሆነው መቼ ነው? የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ነገር ይለያል፤ በአንቀጽ 174 ሰው በተለመደ አኳኋን የሚኖርበትን ቦታ፣ በአንቀጽ 183 ደግሞ ለዘለቄታው ለመኖር አስቦ የሥራውና የጥቅሙ ዋና ማእከል ያደረገውን ቦታ። የአሜሪካ ሕግም ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ግን በአንድ ስፍራ አልሰበሰበውም። ለግብር፣ ለምርጫ፣ ለትምህርት ክፍያና ለመሣሪያ እያንዳንዱ የራሱ ትርጉም አለው። የ1968ቱ የፌዴራል የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ሰው ሽጉጥ ከራሱ ግዛት ውጭ እንዳይገዛ ይከለክላል፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም ነዋሪነትን «በግዛቱ ውስጥ መገኘትና በዚያ ቤት የመመሥረት ሐሳብ መያዝ» በሚል አኳኋን ይተረጉመዋል። በዚህ ትርጉም ሁለት ቤት ያለው ሰው በሳምንቱ መካከል የአንዱ፣ በሳምንቱ መጨረሻ የሌላው ግዛት ነዋሪ ሊሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም በሚማርበት ግዛት እስካለ ድረስ ለግዢው ጉዳይ የዚያ ነዋሪ ነው። ይህ ማለት ግን ያው ተማሪ ለመታጠቂያ ፈቃዱ ነዋሪ ይባላል ማለት አይደለም፤ ያንን የሚተረጉመው ግዛቱ ነው።

ከማውቃቸው የግዛት ሕጎች በዚህ ነጥብ ላይ በግልጽነቱ የማደንቀው የፍሎሪዳን ነው። ፍሎሪዳ የሌላ ግዛት ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው በሕግ ነዋሪዋ የሚሆነው ከሦስት ድርጊቶች አንዱን ሲፈጽም ነው ትላለች፤ ለመራጭነት ሲመዘገብ፣ መኖሪያዬ ይህ ነው የሚል መግለጫ ሲያስገባ፣ ወይም ለመኖሪያ ቤቱ የግብር ቅናሽ ሲጠይቅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀድሞ ፈቃዱ ለ90 ቀናት ይጸናል። የሐሳብን ነገር ትታ የሚታይና ቀን ያለው ድርጊት ያዘች፤ ለተዛዋሪውም የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጠች። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ፍሎሪዳ ያለ ፈቃድ መታጠቅን ስለ ፈቀደች የአንቀጹ ጥርስ ረግፏል፤ የአረቃቀቁ ጥበብ ግን አልረገፈም። ከዚህ ጋር ሚሺጋንን አስተያዩ። እዚያ አመልካች ቢያንስ ስድስት ወር መኖር አለበት፤ ከሌላ ግዛት የጸና ፈቃድ ይዞ የመጣ አዲስ ነዋሪ ግን ከዚህ ይድናል። ፈቃድ የሌለው አዲስ ነዋሪ ይጠብቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999 በሳኤንዝ ጉዳይ፣ ወደ ካሊፎርኒያ የገባን ሰው ለአንድ ዓመት በቀድሞ ግዛቱ የዕርዳታ መጠን መያዝ የመዘዋወር መብትን ይጥሳል ብሏል። ዕርዳታ እንዲህ ከሆነ በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብት እንዴት ይጠበቅ ይሆን? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሰዎች ክፍተቱን በዝምታ አላለፉትም። ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች ፈቃድ የሚሰጡ እንደ ዩታና ፍሎሪዳ ያሉ ግዛቶች ስላሉ፣ በራሱ ግዛት ፈቃድ የተከለከለ ሰው ከሩቅ አገር ፈቃድ አውጥቶ በቤቱ ይታጠቅ ጀመር። ፔንሲልቬንያ በ2013 ይህን በር ዘጋች፤ የፍሎሪዳን ፈቃድ የምቀበለው ባለፈቃዱ የፍሎሪዳ ነዋሪ ከሆነ ብቻ ነው አለች። ዩታም በ2011 የውጭ አመልካች አስቀድሞ የራሱን ግዛት ፈቃድ እንዲያወጣ በአብዛኛው አስገደደች። ሁለቱም ማስተካከያዎች ለከልካዩ ግዛት ትክክል ናቸው፤ ሰውን ከጎረቤት ዳኛ ያመለጠ ያህል ማድረግ ተገቢ አልነበረም። ዋጋውን ግን በመካከል ያለው ተዛዋሪ ከፈለ፤ ነዋሪነት የሁሉም ነገር ቁልፍ ሆነ፤ የእርሱ ነዋሪነት ደግሞ ገና አልተቆረጠም።

በእኛ ዘንድ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚዛወር ሰው መሸኛ ይዞ ይሄዳል። መሸኛው አሰልቺ ወረቀት ነው፤ ወረፋውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን አንድ መልካም ነገር አለው፤ የቀድሞው ነዋሪነት ያበቃበትንና አዲሱ የሚጀምርበትን ቀን ያያይዛል። የአሜሪካ ተዛዋሪ መሸኛ የለውም። ቀኑን የሚያውቀው ሲከሰስ ነው።

በመንገድ ላይስ? የፌዴራሉ ምክር ቤት በ1986 ያወጣው ሕግ መሣሪያውን ይዞ ከሚፈቀድለት ቦታ ወደ ሚፈቀድለት ቦታ የሚያልፍን ሰው ይጠብቃል፤ መሣሪያው ጥይት ካልጎረሰና በቅርብ ካልተደረሰበት፣ ማለትም በመኪናው ዕቃ መጫኛ ወይም በተቆለፈ ሣጥን ካለ። የቤት ዕቃውን ጭኖ ለሚዛወር ሰው ዋናው መከታ ይህ ነው። መከታው ግን ጠባብ ነው። በ2005 ከዩታ ወደ ፔንሲልቬንያ የሚበር አንድ መንገደኛ ኒዋርክ ላይ የሚቀጥለው በረራ አመለጠው። ሻንጣውን ተቀብሎ ሆቴል አደረ። በማግሥቱ በአየር ማረፊያው ሽጉጡን በደንቡ መሠረት ራሱ ሲያስመዘግብ ተያዘ፤ ለቀናት ታሰረ። ክሱ በኋላ ቢነሣም፣ ለካሣ ያቀረበውን አቤቱታ የሦስተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 ውድቅ አደረገው፤ ምክንያቱም ሻንጣው በሆቴሉ ሌሊት በእጁ ሥር ነበርና። ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲዛወር በመንገድ የማያድር አሜሪካዊ የለም።

በዚያው በኒው ጀርሲ በ2013 የፊላዴልፊያ ነዋሪ የሆነች፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት በትራፊክ ፖሊስ ቆመች። የፔንሲልቬንያ ፈቃድ ነበራት፤ ሽጉጥ እንዳላትም ለፖሊሱ የነገረችው ራሷ ነች። ድልድዩን ስትሻገር ፈቃዱ እንደሚቀር አላወቀችም። የግዛቱ ሕግ ለጥፋቱ ዝቅተኛውን የእስራት ዘመን አስቀድሞ ወስኖ ስለ ነበር ዳኛው በራሱ ሊያቀልላት አይችልም፤ ቁልፉ በዐቃቤ ሕግ እጅ ነው። በእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ ከቅጣት ነጻ ባያወጣም፣ በቅን ልቡና ለተሳሳተ ሰው ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀልል በር ይከፍታል፤ እዚያ ያ በር ተቆልፎ ነበር። በመጨረሻ በ2014 የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መመሪያውን አብራሩ፤ በ2015 ደግሞ አገረ ገዢው ክሪስ ክሪስቲ ምሕረት ሰጧት። ምሕረት መልካም ነው። ነገር ግን በምሕረት የሚታረም ሕግ ጋዜጣ ላልጻፈለት ሰው አይደርስም።

አሁን ወደ ወገኖቻችን ልምጣ። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በሦስት ሕጎች መካከል ይኖራል፤ አሌክሳንድሪያ በቨርጂንያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ፣ በመካከል ዋና ከተማዋ። ሜሪላንድም ዋና ከተማዋም የማንንም ግዛት ፈቃድ አይቀበሉም። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም ሱቅ ያለው፣ ተዘርፎ የሚያውቅ፣ የቨርጂንያ ፈቃድ በሕግ ያወጣ አንድ ወንድማችንን አስቡ። የአሥራ አራተኛ ጎዳናን ድልድይ ሲሻገር በዋና ከተማዋ ሕግ እስከ አምስት ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ፈጸመ። የ1986ቱ ሕግ አያድነውም፤ መድረሻው ራሱ የተከለከለ ቦታ ነውና። በሕጋዊ መንገድ ልሂድ ቢል ከሦስቱም ማመልከት አለበት፤ ለሜሪላንድ የ16 ሰዓት ሥልጠና፣ ለዋና ከተማዋ ሌላ ሥልጠና፣ በየቦታው አሻራና ክፍያ። መኖሪያውን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢያዛውር ደግሞ ሽጉጡን በ90 ቀናት ውስጥ በግዛቱ ፖሊስ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል፤ መመዝገቡ ግን የመታጠቅ ፈቃድ አይሆንለትም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

ይህ ሰው ዜጋ ካልሆነና በግሪን ካርድ የሚኖር ከሆነ ጉዳዩ ከእስራት ያልፋል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ማንኛውንም የመሣሪያ ሕግ ተላልፎ ሽጉጥ በመያዝ ወይም በመታጠቅ የተፈረደበትን የውጭ አገር ሰው ከአገር ሊባረር የሚችል ያደርገዋል። ጥፋቱ ቀላል ይሁን ከባድ፣ በአንዱ ግዛት ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ሕጉ አይለይም። ትውልደ አሜሪካዊው ጎረቤቱ ለተመሳሳይ ስሕተት ጥፋቱን አምኖ፣ ቀላል ቅጣት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እርሱ ግን በዚያው የእምነት ቃል ሃያ ዓመት የኖረበትን አገር ሊያጣ ይችላል። ዘመድ ያላችሁ ይህን አንድ ነገር ንገሯቸው፤ ጥፋትን ለማመን ከመስማማት በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠየቅ።

መፍትሔ ተብሎ በየጊዜው የሚቀርበው አገር አቀፍ የእውቅና ሕግ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 በ231 ለ198 ድምፅ አሳልፎት ሴኔት ላይ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህም ደጋግሞ ቀርቧል። እኔ አልደግፈውም። ምክንያቴ ስለ መሣሪያ ያለኝ አቋም አይደለም፤ ሜሪላንድ 16 ሰዓት ሥልጠና ለመጠየቅ በመረጠችው ሕዝብ ፊት ኃላፊነት አለባት፤ ያለ ሥልጠና የሚሰጥ የሌላ ግዛት ወረቀት ያንን ውሳኔ ከውጭ ሊሽረው አይገባም። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 ሁለት የኒው ሃምፕሻየር ነዋሪዎችን ጉዳይ ባየ ጊዜ የሄደበት መንገድ የተሻለ ይመስለኛል። ባለሥልጣን እንደ ፈቀደው የሚሰጠውንና የሚከለክለውን የቀድሞውን የውጭ ሰዎች ፈቃድ ሥርዓት ሕገ መንግሥትን ይጥሳል አለ፤ የተሻሻለውንና መመዘኛውን ላሟላ ሁሉ የሚሰጠውን ግን አጸናው። ማለትም ግዛት እንግዳውን ፈቃድ አውጣ ሊለው ይችላል፤ በሩን ሊዘጋበት ግን አይችልም።

ይህ ለመንገደኛው ይበቃ ይሆናል። ለተዛዋሪው ግን ሁለት ነገር ይጎድላል፤ የነዋሪነቱን መጀመሪያ በሚታይ ድርጊት የሚወስን ድንጋጌና እስኪያመለክት የሚቆይ የተወሰነ ጊዜ። ሁለቱንም ማንኛውም ግዛት፣ ጥብቁም ልሉም፣ መመዘኛውን አንዲት ነጥብ ሳይቀንስ ሊያወጣ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ። የፌዴራሉ ሕግ ከትምህርት ቤት በ1,000 ጫማ ክልል ውስጥ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ትምህርት ቤቱ ያለበት ግዛት ፈቃድ የሰጠው ሰው ግን ከክልከላው ነጻ ነው። የፌዴራሉ የመሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቃሉን እንደ ተጻፈ ያነበዋል፤ ግዛቱ «የሰጠው» እንጂ ግዛቱ «እውቅና የሰጠው» አይልም። ስለዚህ እውቅና ባለበት ግዛት እንኳ አዲስ የገባ ሰው በአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ በመኪና ሲያልፍ፣ ግዛቱ የፈቀደለትን ነገር የፌዴራል መንግሥቱ ይከለክለዋል። በአሜሪካ ከተማ ውስጥ ከቤቱ ተነሥቶ በትምህርት ቤት አጠገብ ሳያልፍ ገበያ የሚደርስ ሰው ካለ ካርታውን አምጡልኝ።

ማን ይጀምር?